381 ቼይንሶ ሲሊንደር ላይ የቱን ፖርት ልንካ፣ የቱን ልተው?

ባህርዛፍ72፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ስለ ስቲል ኤምኤስ 381 ቼይንሶ (የእንጨት መቁረጫ ሞተር) ነው። 72.2 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ዲያሜትር 52 ሚሜ፣ የፒስተኑ ምት 34 ሚሜ፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ) 75 ሳንቲም። የሚቆርጠው ለጣውላ የሚሆን ወፍራም ባህር ዛፍ ነው። ባሩ ሙሉ በሙሉ እንጨት ውስጥ ሲገባ ዙሩ ይወርድና ሞተሩ ይታፈናል። ለብቻው ሲነሳ ግን ምንም አይለውም።

ሲሊንደሩን አውርጄ ፖርቶቹ (ግድግዳው ላይ ያሉት የአየርና የጭስ ቀዳዳዎች) የሚከፈቱበትን ለክቻለሁ። ከላይኛው ሙት ነጥብ (ቲዲሲ፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚደርስበት) በክራንኩ ዙር ዲግሪ ሲቆጠር የጭስ መውጫው 102 ዲግሪ ላይ ይከፈታል፣ ትራንስፈሮቹ (አዲሱን አየር ከክራንክ ቤቱ ወደ ላይ የሚያሳልፉት) 121 ላይ፣ መግቢያው ደግሞ ከቲዲሲ በፊት 74 ላይ። ስኩዊሹ (ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ጣሪያ ጋር የሚቀረው ክፍተት) 1.1 ሚሜ ነው፣ የታችኛው ጋስኬት 0.5 ሚሜ። ከመፍታቴ በፊት ኮምፕሬሽኑ 110 ፒኤስአይ አሳይቷል። ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) አልተነካም።

የጭስ መውጫውን ጣሪያ 1.5 ሚሜ አንሳው የሚል ምክር ተሰጥቶኛል። ልክ ነው? 110ስ አላነሰም? አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን ልግዛ ወይስ በዚሁ ልሥራ?

---

ቶርኖ ቤት፦

ወንድሜ፣ ከ110ሩ ልጀምር፤ በዚህ ቁጥር የተነሳ ብቻ ብዙ ደህና ሲሊንደር ስለሚጣል። የኮምፕሬሽን ጌጅ የሚያሳየው በውጭ ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። መርካቶም ፒያሳም 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚህ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ 75 በመቶ ገደማ ነው። 14.7 ፒኤስአይ የነበረው 11 ሆኗል ማለት ነው። በባሕር ጠለል 150 የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ሲመጣ 112 ያሳያል። ያንተን ለማመሳከር ያነበብከው ላይ 11 ደምር፣ ለ0.75 አካፍል፣ ከውጤቱ 14.7 ቀንስ። 147 አካባቢ ይመጣልሃል። ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ ምንም አትግዛ።

የዙሩም መውረድ ከዚሁ ይመነጫል። በዚህ ከፍታ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 3.9 ኪሎዋት ያለው ማሽን እዚህ እጅህ ላይ 3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ያጠረህ አየር ነው እንጂ ፖርቱ አልጠበበም። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የገባውን ጥቂት አየር በደንብ መጭመቅ ነው፤ ሞረዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጣሪያውን 1.5 ሚሜ ማንሳት ለዚህ ሥራ ትልቅ ስህተት ነው። በ34 ሚሜ ምት፣ እዚያ ቦታ ላይ 1 ሚሜ 3.6 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1.5 ስታነሳ መክፈቻው ከ102 ወደ 96–97 ይወርዳል። በጭስ መውጫውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ19 ወደ 24 ዲግሪ ይሰፋል። በከፍተኛ ዙር ጭሱ ቶሎ ይወጣል፣ ማሽኑ ባዶውን ሲጮህ ያምራል። ግን ፒስተኑን ወደ ታች እየገፋ የነበረው ጋዝ ሥራውን ሳይጨርስ ይወጣል፣ በመካከለኛ ዙር ያለው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። የ75 ሳንቲም ባር ባህር ዛፍ ውስጥ የሚፈልገው ያንኑ ጉልበት ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ያነሳኸው ሚሊሜትር 2.1 ሲሲ ያህል የሚጨመቅ አየር ይወስድብሃል። ከፍታው ሩቡን ወስዶ ሳለ አንተ ደግሞ ልትጨምርበት ነው።

እኔ የምመርጠው መንገድ ይሄ ነው። የታችኛውን ጋስኬት አውጣ። ስኩዊሹ ከ1.1 ወደ 0.6 ሚሜ ይወርዳል፤ ከፒስተኑ በላይ ካለው ክፍተት 1.06 ሲሲ ይቀንሳል፤ ያ ቦታ በመጀመሪያውኑ ጥቂት ሲሲ ብቻ ስለሆነ ለውጡ በደንብ ይሰማል። ከ0.5 በታች ግን እንዳትሄድ። ዙሩ ሲጨምር ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ይሳባል፣ ኩሽኔታውም (ቤሪንጉ) ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ፒስተኑ ከጣሪያው ይጋጫል።

ልኬቱን ከመጀመሪያው በደንብ ድገመው። ከ1.5 እስከ 2 ሚሜ ውፍረት ያለው ስታኞ (የመበየጃ እርሳስ ሽቦ) በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ድረስ ግፋው፤ አቅጣጫው ከፒስተን ፒኑ ጋር ትይዩ ይሁን፣ በግራም በቀኝም። በጭስ መውጫውና በመግቢያው በኩል ብትለካ ፒስተኑ ይወዛወዝና የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል። ቮላኖውን (ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ) በእጅህ አንድ ዙር አዙረህ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለካ። ግራና ቀኙ ከ0.1 ሚሜ በላይ ከተለያየ የሲሊንደሩ መቀመጫ ላይ አሮጌ ጋስኬት ወይም ቆሻሻ ቀርቷል።

ሲሊንደሩ 0.5 ሲወርድ ሁሉም ፖርት አብሮ ይወርዳል። ጭስ መውጫው ወደ 104፣ ትራንስፈሩ ወደ 123 ይሄዳል፣ መግቢያው ደግሞ ከ74 ወደ 75.5 አካባቢ ይረዝማል። ሦስቱም ላንተ ሥራ ተስማሚ ናቸው። ጭስ መውጫውን ወደ ነበረበት 102 መመለስ ከፈለግህ 0.5 ሚሜ አንሳ፣ ከዚያ አትለፍ። ለባህር ዛፍ ግን እኔ 104ቱን እተወዋለሁ።

ሲሊንደሩን ከመግጠምህ በፊት አንድ ነገር ተመልከት፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ፒስተኑ ቲዲሲ ላይ ሲሆን የታችኛው ጠርዙ የጭስ መውጫውን ወለል አሁንም ይሸፍናል? ሲሊንደሩ ስለወረደ ወለሉም ወርዷል። ከ1 ሚሜ ያነሰ መደራረብ ካየህ ጋስኬቱን መልስ ወይም ቀጭን አሠራ። ፖርቱ ከፒስተኑ ሥር ወደ ክራንክ ቤቱ ከተከፈተ ሞተሩ የራሱን ጭስ ይስባል፤ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ አይቆምም፣ ጉልበቱም ይወድቃል።

ጋስኬት በሌለበት ማሸጊያው ቤንዚንና ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ተራ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። ሁለቱንም ፊት በአሴቶን ጥረግ፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርገህ ቀባ፣ ትራንስፈሮቹ አፍ ላይ ግን እንዳይደርስ። ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ አጥብቅና ሌሊቱን አሳድረው።

---

ሱማሌ ተራ፦

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ስለ ሞረዱ ልጨምር።

የጭስ መውጫው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይስፋ። በ52 ሚሜ ሲሊንደር ላይ ቀጥታ የሚለካው ስፋት ከ60–62 በመቶ፣ ማለትም ከ31–32 ሚሜ፣ ባያልፍ ይመረጣል። አንዳንዱ እስከ 65 በመቶ ይሄዳል፤ ለየቀኑ ሥራ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ይበላል። የመጀመሪያው ገደብ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ፒስተኑ ነው። ቀለም ወይም ማርከር ግድግዳው ላይ ቀባ፣ ፒስተኑን አስገብተህ ከጎኑ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 2 ሚሜ ፖርቱን የሚዘጋ የፒስተን አካል እንደሚተርፍ አረጋግጥ። የፋሻው ጫፍ የሚገናኝባት ትንሿ ፒን በየትኛው አቅጣጫ እንዳለች እይ። ያ ጫፍ ፖርት ላይ የሚያልፍ ከሆነ ወጥቶ ይያዝና ሲሊንደሩን አንድ ጊዜ ላይጠገን ይቧጥጠዋል።

የፖርቱ ጣሪያ ቅርጽ ቀጥ ያለ መስመር እንዳይሆን። በቅስት መልክ ይቆይ፣ ማዕዘኖቹ የተከበቡ ይሁኑ። ፋሻው ሰፊ ፖርት ላይ ሲደርስ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቅስቱ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን ይመታዋል።

መሣሪያ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ አልሙኒየም ላይ የተነጠፈ ኒካሲል (ጠንካራ የኒኬል ሽፋን) ነው፤ ውፍረቱ እጅግ ትንሽ ነው። ካርባይድ ቢት አልሙኒየሙን ጥሩ አድርጎ ይበላል፣ ኒካሲሉን ግን ጠርዙ ላይ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጠርዙን በአልማዝ ቢት ቁረጥ፣ የቢቱ ዙርም ሽፋኑን ወደ አልሙኒየሙ የሚጫን እንጂ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገነጥል አቅጣጫ አይኑረው። ከ2–3 ሚሜ ወደ ውስጥ ካለፍክ በኋላ ካርባይዱን ያዝ። አልማዝ ቢት ከጠፋህ የጥርስ ሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች አላቸው፤ ግንዱ 2.35 ሚሜ ስለሆነ ለድሬሜልህ የሚሆን መያዣ ይዘህ ሂድ። አልሙኒየም ቢቱ ላይ ሲጣበቅ በነጭ ጋዝ ማርጠብ ወይም ሻማ ማስነካት ይበቃል።

ማርከሩን ቀባ፣ በመርፌ ጫፍ መስመር አስምር፣ መስመሩ ጋ ስትደርስ አቁምና ለካ። የቆረጥከው አይመለስም።

ሲያልቅ የሁሉንም ፖርት ጠርዝ 0.3–0.5 ሚሜ አክብበው፣ በተለይ የላይና የታችኛውን። ይሄን የዘለለ ሰው ሞተሩ እንደተነሳ ፋሻ ይሰብራል። መግቢያውን አታብረቅርቀው፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የጨረስከው ሸካራ ፊት ቤንዚኑ ግድግዳ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይረዳል። ጭስ መውጫውን ግን በ400 ካለሰለስከው ካርቦን ቶሎ አይይዘውም።

ትራንስፈሮቹን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ጣሪያቸውን አትንካ። ውስጥ የቀረ የመቅለጫ ትርፍ ብረት ካለ አንሳ፣ ከታች ከክራንክ ቤቱ ጋር የማይገጥም ከንፈር ካለ አስተካክል፣ ከዚያ ተወው። ግራና ቀኙ እኩል ሰዓት መክፈት አለባቸው፤ አንዱ 0.2 ሚሜ ቢቀድም አዲሱ አየር ወደ አንድ ጎን ይጋደልና ከፊሉ ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ይወጣል።

መግቢያው በወለሉ በኩል ትንሽ ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ 1 ሚሜ 3.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ጋስኬቱን ስታወጣ 75.5 ላይ ደርሰሃል፤ እኔ ከ78 አላልፍም። ከ80 በላይ ሲሆን በዝቅተኛ ዙር ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ በኩል ተመልሶ ይተፋል፣ ፊልትሮው ይረጥባል፣ ሚኒሞው ይበላሻል።

---

አጠና ተራ፦

ሲሊንደር ከመሞረዱ በፊት ሰንሰለቱ ይሞረድ። ለ3/8 ሰንሰለት 5.2 ሚሜ ክብ ሞረድ፣ 30 ዲግሪ፣ የጥልቀት ገደቧ ጥርስ 0.65 ሚሜ ዝቅ ያለች። ያቺ ገደብ ከሚገባው በታች ከወረደች ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፣ ሞተሩም ልክ አንተ እንዳልከው ይታፈናል። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ደግሞ ስለቱ ቶሎ ይሄዳል። ይሄን ሳታስተካክል ያደረግከው ለውጥ ይርዳ አይርዳ መለየት አትችልም።

ባለ 8 ጥርስ እስፕሮኬት ጫን የሚሉህን አትስማ። ሰንሰለቱን ያፈጥናል፣ ጉልበቱን ግን ይቀንሳል። ባለ 7ቱ ይቆይ።

---

ባህርዛፍ72፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተብራራልኝ። ጣሪያውን አልነካም። ጋስኬቱን አውጥቼ ወለሉን ስመለከት መደራረቡ 2 ሚሜ ገደማ ነው። የጭስ መውጫው ስፋት 29 ሚሜ ስለሆነ ወደ 31 ልወስደው አስቤያለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ማርሚታውን ምን ያህል ልክፈት? ደግሞ ማሽኑ አንዳንዴ ወደ ጅማና ወደ መተሐራ ይወርዳል፤ ካርቡሬተሩ አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ ቢሄድ ችግር አለው?

---

ቶርኖ ቤት፦

ሁለተኛው ጥያቄህ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስላነሳኸው ደስ ብሎኛል። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ልመልስ።

ማርሚታው፦ ጠቅላላ መውጫው የጭስ መውጫ ፖርቱን የአፍ ስፋት (በካሬ ሚሜ) 75–80 በመቶ ይሁን። ፖርቱ 400 ካሬ ሚሜ ቢሆን ከ300 እስከ 320። ከዚያ በላይ መክፈት ድምፅ ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። አዲሱ ቀዳዳ ወደ ሠራተኛው እጅ ወይም ወደ ቤንዚን ታንኩ እንዳይዞር። የእሳት ብልጭታ ማስቀሪያውን ወንፊት አውጥተህ አትጣል፤ አጽድተህ መልሰው። የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ በበጋ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ከዚያ የማይዘለለው ምርመራ። ማሽኑን ከማስነሳትህ በፊት የጭስ መውጫውንና የመግቢያውን አፍ በላስቲክ ዝጋ፣ በግፊት ቱቦው (ከክራንክ ቤቱ ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው) በኩል 0.5 ባር አየር ስጠው፤ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ በ0.5 ባር ሳበው፤ እዚህም መቆም አለበት። ግፊቱን ይዞ ሲሳብ የሚለቅ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የክራንኩ ፓራሊዮ (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ) ነው፤ ከንፈሩ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይዟል። የተጎዳ መግቢያ ጎማም እዚህ ይታወቃል። ኮምፕሬሽን ጨምረህ፣ ማርሚታ ከፍተህ፣ በፓራሊዮ አየር የሚገባበት ማሽን ብታስነሳ ፒስተኑ ቀልጦ ይጣበቃል። ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭስ መውጫው። የፒኑ መያዣ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ፣ ክፍተታቸው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዙር እንጂ ወደ ጎን አይሁን። ቮላኖውን ሳትቸኩል በእጅህ ሁለት ዙር አዙር፤ የሚያንኳኳ ወይም የሚይዝ ነገር ካለ መልሰህ ፍታ።

ዘይቱ ላይ አትቆጥብ። ለ5 ሊትር ቤንዚን በ50፡1 100 ሚሊ፣ በ40፡1 125 ሚሊ፣ በ25፡1 200 ሚሊ ነው። ስቲል ራሱ 50፡1 የሚፈቅደው ለራሱ ዘይት ነው፣ ለሌላ ባለ ሁለት ምት ዘይት 25፡1 ይላል። ማሸጊያው የሚያጠራጥር ዘይት ከሆነ ሌላ ፈልግ። ድብልቁን ስትቀይር ካርቡሬተሩንም አስተካክል፤ ዘይቱ ሲበዛ በዚያው መጠን ቤንዚኑ ስለሚያንስ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። የካርቡሬተሩን የኤልና (ዝቅተኛ ዙር) የኤች (ከፍተኛ ዙር) የቤንዚን ብሎኖች እስከመጨረሻው በስሱ ዝጋ፣ ከዚያ አንድ ዙር ገደማ ክፈት። ሞተሩን አሙቀህ ሙሉ ጋዝ ስጠው። በባዶ ሲጮህ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ ሰንሰለቱ እንጨት ሲነካ ያ መንተባተብ ይጠፋና ድምፁ ይጠራል። ያ ነው ልኩ። ባዶውን ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ኤችን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ክፈት። በጆሮ ብቻ አትመን፤ ካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠመጠም የዙር መለኪያ ውድ አይደለም፣ በመመሪያው ላይ ካለው ከፍተኛ ዙር እንዳታልፍ። የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሜ።

አሁን ወደ ጅማና መተሐራ። ጅማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ካርቡሬተሩ ግን በዚያው ልክ ቤንዚን አይጨምርም። አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረ ድብልቅ መተሐራ ላይ የሳሳ ነው። ያም ሆኖ ሞተሩ ደስ ብሎት ይሮጣል፣ ጉልበቱም ስለተመለሰ ሠራተኛው ይወደዋል፤ ከዚያ ሙቀቱ ይጨምርና ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ይቧጠጣል። እንዲያ ያለ ፒስተን ሲመጣ ዘይቱ ይወቀሳል፣ ጥፋቱ ግን ያልተከፈተ ኤች ብሎን ነው። አሁን ደግሞ ስኩዊሽህ 0.6 ሆኗል፤ እዚህ 75 በመቶ አየር ላይ የተመቸ ኮምፕሬሽን ታች ሲወርድ በጣም ከፍ ይላል። ስለዚህ ማሽኑ ከመኪና እንደወረደ፣ የመጀመሪያው ግንድ ሳይነካ፣ ኤች ሩብ ዙር ይከፈትና በዚያው ቦታ እንደገና ይስተካከል። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ድብልቁ ይወፍራል፣ ይጨሳል፣ ይንተባተባል እንጂ አይቃጠልም።

የብሎኖቹን መገደቢያ ቆብ ካወጣህ፣ የአዲስ አበባውንና የመተሐራውን የኤች ቦታ በሁለት ቀለም የማሽኑ አካል ላይ ምልክት አድርግበት። ማሽኑን ይዞ የሚወርደው ሰው አንተ ላትሆን ትችላለህ።

---

ሱማሌ ተራ፦

ከ29 ወደ 31 ደህና ነው፤ በሁለቱም ጎን 1 ሚሜ 1 ሚሜ፣ መሐሉ ሳይዛነፍ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥ፦ ሲሊንደሩ የፋብሪካው ነው ወይስ ተለዋጭ? ተለዋጭ ከሆነ ከመቁረጥህ በፊት የፖርቱን ጠርዝ በማጉያ መነጽር እይ። ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ከወዲሁ ያበጠ ወይም የተላጠ ቦታ ካለው አትሞርደው፤ በአልማዝም ቢሆን ይነሳል። እንዲያ ያለው ላይ ጋስኬቱን አውጣ፣ ማርሚታውን ክፈት፣ ጠርዙን ሳትነካ ግጠመው። ከምትፈልገው ለውጥ አብዛኛው ያለ ሞረድ ይገኛል።